የተፋቀው መቃብር

ኢፖሲ እርጥበት ትጠላለች። በእኛ በቦሎንዳ መንደር እርጥበት መጥላት የገዛ አየርን መጥላት ነው። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ በጓሮ ይገባል፣ በደጅ ይወጣል፣ ሲያሻው ደግሞ አልጋ ላይ ይጋደማል። ክረምቱ ሲበረታ ጨው ውሃ ይሆናል፣ ጫማ ይሻግታል፣ ድንጋይ ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል። የኢፖሲ ግቢ ብቻ ደረቅ ነው። አንዲት የገጀራ ስባሪ አለቻት፤ በእሷ ደጃፉን፣ ግድግዳውን፣ የውሃ በርሜሉን ሥር ስትፍቅ ትውላለች። አጥራችን አንድ ነው፤ በእኔ በኩል ያለው ድንጋይ ጢም አብቅሏል፣ በእሷ በኩል ያለው ተላጭቷል።

“ናሞንዶ፣ አንድ ቀን እንደተኛሽ ጆሮሽ ውስጥ ሳር ይበቅላል” ትለኛለች።

“ይብቀል። የገጀራሽን ድምፅ ከመስማት ይገላግለኛል” እላታለሁ።

እንዲህ እየተሰዳደብን ነው ያረጀነው። ስለ እሷ የማወራው ከዚህ አጥር ሥር ሆኜ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። የቀረውን ራሷ ነግራኛለች፤ ሰው ሲያለቅስ ምስጢር ያመልጠዋል፣ እሷን የሚያመልጣት ስትፍቅ ነው።

በእኛ መንደር ልጅ ሲሞት ሁለት ሕግ ይጠበቃል። አንደኛው የእናት ነው። መቃብሩ በጥቁር የተራራ ድንጋይ ይከደንና እናትየዋ በየቅዳሜው እየሄደች ድንጋዩን ትፍቃለች፤ ልጇ እርጥብ ልብስ ለብሶ እንዳይተኛ ነው። ሁለተኛው የፈርን ሕግ ነው። ያ ራሱን ጠቅልሎ የሚወለደው፣ ቀስ እያለ የሚዘረጋው ተክል አበባ የለውም፣ ፍሬ የለውም፣ ዘሩን ያየ ሰውም የለም። ማንም ካልዘራው ማን ያበቅለዋል? ሙታን ናቸው፣ አሉ አባቶቻችን። ልጁ በእውነት እዚያ ተኝቶ ከሆነ ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ከድንጋዩ መሃል ፈርን ይልካል። ካልላከ መቃብሩ ባዶ ነው። ልጁ ለንዮንጎ፣ ሰውን ባሪያ ለሚያደርገው ጥንቆላ፣ ተሽጧል፤ እኛ ሞተ ብለን ስናለቅስ እሱ ኩፔ ተራራ ላይ፣ ዓይን በማያየው እርሻ ውስጥ፣ እረፍት የሌለው ጫካ ይመነጥራል። የሸጠው ደግሞ የቤት ሰው ነው፣ ከቤት ሰውም አባት። ስለዚህ አባት ፈርኑ እስኪመጣ ወደ መቃብሩ ዝር አይልም። ካልመጣ በለበሰው ልብስ መንደሩን ለቆ ይወጣል። አብሮት የበላም አብሮት እንደ ሸጠ ይቆጠራል።

የኢፖሲ አባት ምቡዋ የወጣው እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኤፎሲ ሞቶ መቃብሩ ሁለት ክረምት ራቁቱን ቀረ። እናትየዋ ኢያ ሊሙንጋ ቅዳሜን የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም፤ ጎህ ሲቀድ መቃብር ላይ ናት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መቃብር ላይ ናት። “እንዲህ የምትወደው እናት እያለችው ፈርን ያልላከ፣ እውነትም የለም ማለት ነው” አሉ ሰዎች። ምቡዋ ወጣ። ኢፖሲ ያኔ ልጅ ናት፤ ጀርባውን ብቻ ታስታውሳለች፣ ሸሚዙ በዝናብ ገላው ላይ ተጣብቆ። ከታች በአንድ የጎማ እርሻ ሰፈር እንደ ሞተ ከዓመታት በኋላ ወሬው ደረሰ። ኢያ ሊሙንጋ ግን እስከ ዛሬ ትፍቃለች። ልጄ ከኩፔ አምልጦ ቢመጣ ቦታው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው ትላለች። 

የንዮንጎ ሰው ልጅ የተባለችን ሴት ማን ያገባል? ሊዮቴ አገባት። ሊዮቴ የባሕር ዳር ሰው ነው፣ ዝምተኛ፤ ከታች ከተማ ውስጥ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ይሠራል፤ ሥራው ምንድን ነው ሲሉት “አበባ” ይላል። በየሳምንቱ መጨረሻ የተጨሰ ዓሣ አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ያቺን ክፉ ስም የለጠፉባትን ልጅ ሳይፈራ ያገባ እሱ ብቻ ነው። ልጃቸው ኢናንጋ ተወለደች። ግራኝ፣ ሳቂታ፣ ተራራ ወጥታ እንጨት ስትቆርጥ ሦስት ሰው የቆረጠ የሚመስል። ሊዮቴ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው፤ የመንደሩን ዓይን የወጋው ያን ጊዜ ነው። ዓመት ሳይሞላ ኢናንጋን ትኩሳት ወሰዳት።

“ቆርቆሮው ከየት መጣ?” አለ አንዱ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ወሬው ሬሳው ሳይወጣ ደጅ ደረሰ።

አንደኛው ክረምት አለፈ። ሁለተኛው ገባ። መቃብሩ የተላጨ ራስ መስሎ ቀረ። ጋሽ ንዲቬ፣ ከንግግሩ በፊት ጉልበቱ የሚንቋቋው የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ከሁለት ሰው ጋር መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም።

“ዝናቡ እስኪያባራ ነው፣ ሊዮቴ። ሕጉ የኔ አይደለም።”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ።”

“ልጅቷ አንድ ነገር ትላክ። አንዲት ቅጠል ትበቃናለች።”

ኢፖሲ ያን ቀን ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። የምትፈራው መባረሩን አልነበረም። የምትፈራው ሸጧት ቢሆንስ የሚለውን ነበር። ንዮንጎ ሰውን ሳያውቅ ይይዛል ይባላል፤ ገበያ ላይ የማታውቀው ሰው ምግብ ይጋብዝሃል፣ በልተህ ታመሰግናለህ፣ የተስማማኸውን የምታውቀው ልጅህ ስትሞት ነው። ሊዮቴም እንዲህ ዓይነት ግብዣ በልቶ እንደሆነ ራሱን አያምንም፤ እንቅልፉ ውስጥ “ምን በላሁ?” ሲል ሰምታዋለች። ከዚያ በኋላ ጎደሬውን በአንድ ድስት ቀቅላ በሁለት ሳህን ማቅረብ ጀመረች። ድሮ ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት።

አንድ ከሰዓት አጥሩ ላይ ተደግፋ ወደ ተራራው ታዳምጣለች። ጭጋጉ የሙዝ ተክሎቹን ውጧቸዋል።

“ትሰሚያለሽ?” አለችኝ።

“ምኑን?”

“ገጀራውን። ግራኝ ሲመታ ድምፁ ይለያል፣ ታውቂያለሽ። እሷ ናት።”

“ኢፖሲ፣ ጫካ ውስጥ ሰው መች ጠፍቶ ያውቃል?”

“በዚህ ጭጋግ ማን እንጨት ይቆርጣል? ቆይ፣ ቆይ… አሁን አቆመች። ደከማት።” እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጭጋጉ ተጣራች። “ኢናንጋ! እረፊ ትንሽ! ማንም አያይሽም፣ እረፊ!”

ልቀልድባት አሰብኩና ተውኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። ከላይ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ቀጭን የብረት ድምፅ። ተነሥቼ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ ቅዳሜ ነው። ኢፖሲ ከመቃብር ተመልሳ ገጀራዋን በርሜሉ አጠገብ ልታጥብ ጎንበስ ስትል ሊዮቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ በአጥሩ በኩል ልብስ አሰጣለሁ፤ ማለቴ እንዲደርቅ ሳይሆን እንዲንጠባጠብ።

“ቆይ፣ አትጠቢው። አሳዪኝ” አላት።

“ምኑን?”

ስለቱ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ተጣብቋል። የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፣ ቅርጹ ደግሞ ልብ።

“ከየት አመጣሽው?”

“ከየት ይሆናል? ቅዳሜ አይደል? በትልልቆቹ ድንጋዮች መሃል ተደብቆ ነበር፣ በጫፉ ጎርጉሬ አወጣሁት። ምን ታፈጣለህ? ሻጋታ ነው።”

“ሻጋታ አይደለም። ፈርን ነው።”

ኢፖሲ ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም ነበር። “እኔ ነኝ ፈርን የማላውቅ? ራሱ የተጠቀለለው የታለ?”

“ከፈርኑ በፊት የሚመጣው ነው።” ሊዮቴ ወደ አጥሩ ዞሮ አየኝ፣ እንድሄድለት ነው፤ አልሄድኩም። “ኢፖሲ፣ እኔ እታች የምሠራው አበባ አይደለም። ፈርን ነው የምዘራው።”

“ፈርን አይዘራም።”

“ይዘራል። ከቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ አለው አይደል? ሲበስል ይፈነዳል። የሚወጣው ከዱቄት የላመ ብናኝ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል፣ እርጥብ ድንጋይ ካገኘ ይህን ይሆናል። ከዚህ ከሆዱ ሥር ወንድም አለ ሴትም አለች። ውሃ ሲተኛበት ወንዱ ዋኝቶ ሴቷ ዘንድ ይደርሳል፤ ውሃ ከሌለ አይደርስም። ያኔ ይጸነሳል። ፈርን የምንለው ልጁን ነው።”

“እናትየዋስ?”

“ልጁ ሥር ሲይዝ ትጠወልጋለች። ትንሽ ስለሆነች ማንም አያያትም።” ከዚያ ስለቱን እያየ ጠየቃት። “ስንት ጊዜ ነው የምትፍቂው?”

“በየቅዳሜው። ሲብስብኝ በመሃልም።”

“ተዪው በቃ። እባክሽ።”

ኢፖሲ ገጀራውን ይዛ ቀጥ አለች። “አሃ! ይኸው መጣ! መፋቁን ተዪ፣ ልጅሽ ውሃ ውስጥ ትተኛ! ሻጭ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? እስከ ዛሬስ ለምን ደበቅከኝ?”

“በዚህ መንደር ፈርን እዘራለሁ ብል አንድ ቀን ታሳድሩኝ ነበር?”

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የሙታንን ምስክር በማሰሮ የሚያበቅል ሰው ቢሰሙ ጋሽ ንዲቬ ጉልበቱን ረስቶ ይሮጥ ነበር።

“እኔን ማመን አያስፈልግሽም” አላት ሊዮቴ። “ራስሽ ከዚያው ስንጥቅ ሌላ አምጪ። ከነአፈሩ ሸክላ ላይ አኑሪው፣ የዝናብ ውሃ እርጪበት፣ ብርጭቆ ክደኚበት፣ ቁም ሳጥንሽ ላይ አስቀምጪው። እኔ ወደዚያ ክፍል አልገባም።”

አልገባም። ሳሎን ወለል ላይ ተኛ። ኢፖሲ ሸክላውን አመጣች፤ ልክ ሊያታልላት እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው ያመጣችው፣ በመሐላ ነግራኛለች። እኔን ምስክር አድርጋ ጠራችኝ። አራት አምስት አረንጓዴ ልቦች ደረታቸውን አፈር ላይ ለጥፈው ተኝተዋል። ውሃ ረጨችባቸው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እንደ ልማዷ መቃብር ወጣች፣ ላይ ላዩን ፍቃ ስንጥቆቹን ሳትነካ ተመለሰች። ልቧ ገና ባሏን እየከሰሰ እጇ አምኖታል።

ከዚያ ጨርሳ መሄድ ተወች። እናቷ በትሯን እያንኳኳች መጣች።

“ምን ዓይነት እናት ነሽ? ድንጋዩ ለምልሟል! አየሁት፣ አፈርኩልሽ!”

“እግሬን አሞኛል፣ እማ።”

“እኔን ሰላሳ ዓመት አላመመኝም!” አለች ኢያ ሊሙንጋ። ሄዳ ራሷ ልትፍቅላት ተነሣች። ኢፖሲ በር ላይ ቆማ እየለመነች አስቀረቻት፣ ጎደሬና የተጨሰ ዓሣ አቅርባ እስኪመሽ ያዘቻት።

አንድ ጠዋት ስሜ ተጠራ። አጠራሩ ሰው ሲሞት የሚጠራውን ዓይነት ነበርና በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ኢፖሲ ቁም ሳጥኑ ሥር ወለል ላይ ተቀምጣለች፣ ሸክላው ጭኗ ላይ ነው። ከአንዷ ልብ ስንጥቅ መሃል፣ ከሥር በኩል፣ አንዲት ቅጠል አንገቷን ደፍታ ወጥታለች። የክብሪት እንጨት እንኳ አታህልም።

“እሰይ! ባልሽ ነጻ ወጣ!” አልኩ።

እሷ ግን ቀኝ እጇን ገልብጣ ታየዋለች።

“ናሞንዶ፣ በዚህ እጄ ስንት ልጅ ነው የፋቅኩት?”

“አላወቅሽም።”

“እማዬ በየቀኑ ነበር የምትፍቀው” አለች።  ምቡዋ፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ክፍሉ ውስጥ አብሮን የቆመ መሰለኝ።

በመንደራችን ሐዘኑ የወጣላት እናት፣ ሌላ ልጅ ወልዳ መቃብር መመላለስ የሰለቻት እናት፣ ባሏን አድናዋለች። ሐዘን ያልወጣላት ግን በገዛ እጇ ከሰሰችው። ስንቶቹ ናቸው የወጡት? ስማቸውን መጥራት ጀመርኩ፣ በልቤ፤ ከዚያ ፈራሁና ተውኩት።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል የኢናንጋ መቃብር ከአራት ቦታ ፈርን አወጣ። ጋሽ ንዲቬ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስነካ፣ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ነበረው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከበሮ ተመታ፣ የዘንባባ ጠጅ ወረደ። ቆርቆሮው ከየት መጣ ያለው ሰውዬ ሊዮቴን አንገቱን አቅፎ “ወንድሜ፣ እኔ እኮ ድሮም አውቃለሁ!” እያለ ጨፈረ። ሊዮቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጁን መቃብር አየ። ተንበርክኮ ድንጋዩን አቀፈው፣ ከበሮው እስኪያልቅ አልተነሣም።

ኢፖሲ አልጨፈረችም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠየቀችው፤ መስኮቷ ክፍት ነበር፣ ሰማሁ።

“ፈርኑ ከብናኝ ነው የሚመጣው፣ ኢናንጋ አይደለችም የላከችው። አይደል?”

“አዎ።”

“እንግዲያ ስለ አንተ ምንም አልተናገረም።”

ሊዮቴ “ምንም አልተናገረም” አለ።

“ሸጠሃታል?”

“አልሸጥኳትም፣ ኢፖሲ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።”

ሳህን ሲገፋ ተሰማኝ። አንዱ ሳህን ወደ ሌላው ተገለበጠ፣ ከዚያ ሁለቱም መብላት ጀመሩ። የጫካው የገጀራ ድምፅ ግን ዛሬም አልተዋትም። “አሁን ደግሞ የሚመታው ማን እንደሆነ አላውቅም” አለችኝ።

የቀረችው ኢያ ሊሙንጋ ናት። ከበሮውን ሰምታ በበነጋው ወረደች፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

“ፈርን ላከች አሉ።”

“ላከች፣ እማ።”

“ምን አደረግሽላት? እኔ ለኤፎሲ ያላደረግኩት ምን አለ?”

ኢፖሲ መዋሸት ትችል ነበር። ሸክላውን አምጥታ የእናቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ብናኙን፣ ውሃውን፣ አረንጓዴዎቹን ልቦች፣ ገጀራውን። አሮጊቷ ሸክላው ላይ አቀርቅራ ሰማች። እንባ ከዓይኗ አልወጣም።

“አባትሽ ሲወጣ ‘ሊሙንጋ፣ አልሸጥኩትም’ አለኝ” አለች በመጨረሻ። “ፊቴን አዞርኩበት። ስንቅ ልቋጥርለት አስቤ ነበር፣ ያንንም ተውኩት።”

“አታውቂም ነበር፣ እማ።”

“አላውቅም ነበር። አሁን ለምን ነገርሽኝ?”

ሸክላውን መልሳላት ሄደች። ኢፖሲ ደስ ይበላት አይበላት አላወቀችም፤ ቢያንስ የኤፎሲ መቃብር ከእንግዲህ ከገጀራ ያርፋል፣ ፈርን ይመጣል፣ የአባቴም ስም በመንደሩ ፊት ይነጻል ብላ አሰበች። ለጋሽ ንዲቬ የምትናገረውን ሁሉ በቃሏ አዘጋጅታ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ከኤፎሲ መቃብር በኩል የብረት ድምፅ መጣ። ኢፖሲ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። ኢያ ሊሙንጋ በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ እንደ ዛሬ ፍቃ በማታውቀው አፋፋቅ ትፍቃለች፤ ድንጋዮቹን ፈልቅቃ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጫፉ እየጎረጎረች። ጣቷ ደምቷል።

“እማ፣ ተዪ! ነግሬሽ የለ? ሊመጣ ነው እኮ፣ ተዪው!”

“ስለነገርሽኝ ነው!” አለች አሮጊቷ ቀና ሳትል። “እዚህ አንዲት ቅጠል ብትወጣ እኔ የት እገባለሁ? የቀረችኝ ዕድሜ ትንሽ ናት፣ ኢፖሲ። አባትሽ ሻጭ ነበረ ብዬ ልሙት።”

ኢፖሲ ገጀራውን ልትቀማት እጇን ዘረጋች። የእናቷን ፊት አየች፣ እጇን ሰበሰበች። ትንሽ ቆማ ከቆየች በኋላ የራሷን ስባሪ ከመቀነቷ አወጣች። ከእናቷ ጎን ተንበረከከችና አሮጊቷ ያልደረሰችበትን ጥልቁን ስንጥቅ ጀመረችው። አረንጓዴ ልቦች ነበሩበት፣ አየኋቸው፣ እሷም አየቻቸው። አንድ በአንድ ፋቀቻቸው።

እናቷን ደግፋ ወደ ቤት ስታመጣ አጥሩ ጋ ጠበቅኳት። 

“ያኔ መንደሩ ነው አባቴን ያስወጣው” አለችኝ። “ዛሬ እኔ አስወጣሁት።”

ከዚያ ገብታ ለእናቷ ጎደሬ ጣደች።